ውቃው ለምን አመድ ላይ ይተኛል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ከተዛወርን ሁለተኛ ወራችን ነው። ውቃው የሚባል የ9 ዓመት የሀገር ውሻ አለን። ጠጉሩ አጭር ነው። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰራል። ጠዋት ሲንቀጠቀጥ ስላየሁት ባለቤቴ የቆርቆሮ ቤት አሠራለት። እኔም አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩለት። ብርድ ልብሱን ሲነጋ ርሶ አገኘዋለሁ። እሱ ቤቱን ትቶ ማድቤት ጀርባ የሚደፋው አመድ ላይ ነው የሚተኛው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ድረስ ይደርስለታል። አማቴ ‹ውሻ አይበርደውም፣ ጠጉር የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ካሞቃችሁት ጥበቃውን ይረሳል› ይላሉ። ቤት ውስጥ ማስገባትማ የማይታሰብ ነው። ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ቤቱ ውስጥ ላስቀምጥለት? ሹራብስ ላልብሰው? በታኅሣሥ ደግሞ ለልጆቼ አንድ ቡችላ ሊሰጡን ቃል ገብተውልናል። ምን ይመክሩኛል ዶክተር?»

ከከሰሉ ልጀምር። አያድርጉት። የተቀጣጠለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም። በተዘጋ ጠባብ ቦታ ሰውንም ውሻንም በእንቅልፉ ይገድላል። «ጭሱ ከወጣለት በኋላ አስገባዋለሁ» የሚለው አያድንም። ፍም ሆኖ የቀላው ከሰል፣ ጭስ የሌለው፣ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ክፍት ቦታ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ብርዱ የሚከፋው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው። ያኔ ማታ የተቀጣጠለው ከሰል ከጠፋ ቆይቷል።

አማትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ውሻ ከእኛ የተሻለ ብርድ ይችላል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከእኛ ከፍ ይላል። አመዳይ ላይ ቆሞ መዳፉ የማይጎዳውም በምክንያት ነው። ወደ መዳፉ የሚወርደው ሞቃት ደም፣ ከመዳፉ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም መንገድ ላይ እያሞቀው ያልፋል። ስለዚህ ውሻው ጠዋት ነጭ በለበሰው ሣር ላይ ሲራመድ ያየ ሰው «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ቢል አይፈረድበትም። ግን መዳፉ ስለ ሆዱና ስለ ጀርባው አይመሰክርም።

የተሳሳቱት ጠጉሩ ላይ ነው። ጠጉር ሁሉ አንድ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ ከላይ ረዘም ያለ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጥጥ የታመቀ ጠጉር አለው። የውቃው ዓይነቱ የሀገር ውሻ ብዙ ጊዜ ያ የሥር ጠጉር ስስ ነው። ብርዱን ሲለምደው ይወፍርለታል ብለው ተስፋ እንዳያደርጉም እፈልጋለሁ። የውሻ ጠጉር እንዲወፍር ዋናውን ምልክት የሚሰጠው የቀን ማጠር ነው። በሰሜን አገሮች ክረምት ሲገባ ቀኑ በብዙ ሰዓት ያጥራል፣ ውሻውም ካፖርት ያወጣል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ብርዱ ራሱ ትንሽ ያወፍረው ይሆናል እንጂ ውቃው ኅዳር ስለገባ ብቻ ጋቢ አይደርብም።

በዚያ ላይ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ መሃል ወደ 400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች። የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። ዕድሜው የገፋ፣ የከሳ ወይም ጠጉሩ አጭር የሆነ ውሻ ግን ዜሮን አይጠብቅም። 7 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቸገራል። ውቃው 9 ዓመቱ ነው። በሰው ቢሆን ጡረታ የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው።

«ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ ሜዳ አይደል እንዴ የሚያድረው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ በተለይ የመንዝ ሰው ከሆነ። ልክ ነው። መንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀይ ቀበሮም እዚያ ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ሥር ቀብሮ ያድራል። ግን ጭራውን አይታችሁታል? ለምድ ነው። ሌላም ነገር አለ። ቀይ ቀበሮን በሰንሰለት ያሰረው የለም። ነፋሱ ሲዞር እሱም ይዞራል። መሬቱ ሲረጥብበት ተነስቶ ይሄዳል። የታሰረ ውሻ ይህን ማድረግ አይችልም። ክርክሩ ስለ ብርድ ከሆነ ቀበሮውን ከታሰረ ውሻ ጋር ማወዳደር አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ሰው ይዘነጋል። ብርድ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ታኅሣሥ ላይ ነው። እኔ ግን በብርድ ተዝለፍልፎ የመጣ ውሻ በብዛት ያየሁት በነሐሴ ነው። የውሻ ጠጉር የሚያሞቀው በጠጉሮቹ መካከል አየር አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ጠጉሩ ሲርስ የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያሸሻል። ነፋስ ሲጨመርበት አለቀ። 10 ዲግሪ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ውሻ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ደረቅ ቦታ ካደረው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። አንዱን አስታውሳለሁ፤ በረዶ ሲዘንብ ያደረ፣ ጠፈጠፍ ሥር የታሰረ ውሻ ነበር። ባለቤቱ «ጣሪያ ሥር ነው ያሰርኩት» ብሎ ይምላል። አልዋሸም። ግን ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሙሉ የሚያርፈው ውሻው ጀርባ ላይ ነበር።

አሁን ወደ አመዱ እንምጣ፤ የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚያ ነው።

አመድ ደረቅ ነው። ልስልስ ነው፣ ውስጡ አየር ይይዛል። ከሥሩ ያለው መሬት ቅዝቃዜውን ወደ ሆዱ እንዳያሳልፍ ይከለክለዋል። ማታ ከተደፋም እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ሙቀት ይኖረዋል። የተኛ ውሻ ብዙ ሙቀት የሚያጣው ከሥሩ ነው፤ ሆዱ ላይ ጠጉሩ ስስ ነው፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ይመጠዋል። ስለዚህ ውቃው አመዱን የመረጠው ስለተንቀባረረ አይደለም። ሦስት ነገር ፈልጎ ነው፦ ደረቅ፣ ከመሬት የሚለየው፣ ለስላሳ የሆነና ሰውነቱ የሚቀበርበት። የቆርቆሮው ቤት ከሦስቱ አንዱንም አልሰጠውም።

የብርድ ልብሱ መርጠብም ከዚሁ የመጣ ነው። ሽንቱን ሸንቶበት ነው ብለው ተቆጥተውት ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁት። ውሻ ሲተነፍስ እርጥበት ያወጣል። እርጥበቱ ሌሊት እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጥና ጠብ ጠብ ይላል። የማብሰያ ክዳን ሲከፍቱ የሚያዩት ላብ ማለት ነው። ብርድ ልብስ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ አይለቅም። ሲነጋ ውሻው የተኛው እርጥብ ጨርቅ ላይ ነው። ከዚያ አመዱ አይሻለውም?

ቤቱን አይጣሉት፤ ያድሱት። ውስጡን በጣውላ ወይም በቺፕውድ ይልበጡት። በቆርቆሮውና በጣውላው መካከል ክፍተት ይኑር። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ካለዎት እዚያ መሃል ይግባ። ለውሻው በሚታይ ቦታ ግን አይሁን፤ ያኝከውና ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ወለሉ መሬት አይንካ። አራት ድንጋይ ወይም አንድ ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የጣውላ ርብራብ) ላይ ቢቀመጥ፣ ከመሬቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢነሳ በቂ ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፣ ውኃው በር ላይ እንዳይወርድ።

መጠኑ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ለሚወዱት ውሻ ሰፊ ቤት ይሠሩለታል። ሰፊ ቤት ቀዝቃዛ ቤት ነው። የውሻ ቤት ማሞቂያ ራሱ ውሻው ነው፤ በሰውነቱ ሊያሞቀው የማይችለውን ቦታ አይስጡት። ገብቶ መቆም፣ መዞር፣ ተጠቅልሎ መተኛት ከቻለ ይበቃል። ለ20 ኪሎ ውሻ በውስጥ በኩል 90 በ60፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተገቢ ነው። በሩ ትከሻው የሚያልፍበት ያህል ብቻ ይሁን፤ ግድግዳው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጥግ ይከፈት። እንዲያ ከሆነ ውሻው ከነፋሱ መንገድ ወጥቶ በሌላው ጥግ ይተኛል። ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአሮጌ ሸራ የተቆረጠ መጋረጃ በሩ ላይ ቢንጠለጠል ይረዳል። በሩ ወደየት ይዙር የሚለውን ከእኔ ይልቅ የማድቤትዎ ጭስ ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ማታ ወደየት እንደሚነዳ ይዩ፤ በሩን ጭሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዙሩት። ላይኛው ጫፍ ላይ ጣት የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ይተዉ። ድፍን ከሆነ ላቡ ይመለሳል።

ምንጣፉ ገለባ ይሁን። ጨርቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ አይሁን። የገለባ አገዳ ውስጡ ክፍት ነው፣ አየር ይይዛል፤ እርጥበቱን ደግሞ ወደ ታች ያሳልፋል። ውሻው ቆፍሮ ይገባበታል፣ በላዩም ይከመርለታል። አንድ ጥንቃቄ አለ። በእኛ አካባቢ በቅርብ የሚገኘው የገብስ ገለባ ነው። ገብስ ደግሞ ጢም አለው። ያ ሸካራ ጢም ጆሮ ውስጥ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ በጣቶች መካከል ይገባል፤ አንዴ ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ከውሻ ጆሮ ስንት ጊዜ በመቆንጠጫ እንዳወጣሁ አልቆጠርኩም። ስለዚህ ጢም የሌለው የስንዴ ገለባ ካገኙ እሱን ይምረጡ። ከጠፋ የገብሱን አገዳ አገዳውን ለይተው ይውሰዱ። ሲሞሉ አይሰስቱ፤ ውሻው ሲተኛበት ከተረገጠ በኋላም አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ይኑረው። በየሳምንቱ እጅዎን እስከ ወለሉ ሰድደው ይዳስሱ። እርጥበት ከነካዎት ያውጡት፣ ይቀይሩት። የወጣውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ቁንጫውንም ይቀንሳል። አጎዛ ያነጥፉለት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ፤ አይልፉ፣ በሁለት ቀን በልቶ ይጨርሰዋል።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ማለባበስ አልፈልግም። ግቢዎ አጥር ካለውና በሩ የሚዘጋ ከሆነ ሌሊት ይፍቱት። ለአማትዎ ጥበቃም የሚሻለው እሱ ነው። ውሻ የሚጠብቀው በጆሮውና በአፍንጫው ነው፤ ብርድ ጆሮውን አይስልለትም። ሲንቀጠቀጥ ያደረ ውሻ አፍንጫውን ጭራው ሥር ቀብሮ፣ ጆሮውን አጣብቆ ነው የሚያድረው፤ ሌባው ቢያልፍበትም ለመነሳት ይከብደዋል። የተፈታ ውሻ ደግሞ አጥሩን ይዞራል፣ እየዞረም ይሞቃል። የግቢው በር ግን በደንብ ይዘጋ። ወጥቶ የሚዞር ውሻ ከእብድ ውሻ ጋር ይገናኛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ያስከትቡት። ማሰር ግድ ከሆነብዎ ሰንሰለቱ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ለመዞር የሚበቃ ይሁን፤ አንገቱ ላይ ያለውም ብረት ሳይሆን ቀበቶ ይሁን።

ሹራብ? ከሰዎች ጋር በሚሆንበት ሰዓት፣ ደረቅ ከሆነ፣ ለእንደ ውቃው ያለ ሽማግሌ ክፉ አይደለም። ለብቻው በሚያድር ውሻ ላይ ግን አልደግፈውም። ሚስማር ይይዘዋል፣ እግሩ ይጠላለፋል፣ ከራሰም ከነጭራሹ ካለማልበስ ይብሳል። ገለባው ካለ ሹራቡ አያስፈልግም።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም አያነሳውም። የብርዱ ወራትና ጾመ ነቢያት እኩል ነው የሚገቡት። ጾሙ ኅዳር 15 ይጀምርና እስከ ገና ይዘልቃል። ቤቱ ሥጋና ወተት ሲያቆም ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ እሱን የጠየቀው የለም። ሙቀት ለማመንጨት ብዙ ጉልበት በሚያስፈልገው በዚያ ወቅት፣ የሚደርሰው የእንጀራ ቁራሽና የሽሮ ትራፊ ነው። በጥር ወር የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ ይመጣል። ብርድ ነው ይባላል፤ ርሃብም ነው።

እርስዎ ጾሙን ይጹሙ፣ ለእሱ ግን ለብቻው ያብስሉለት። የገብስ ወይም የስንዴ ቅንጬ፣ የተቀቀለ ምስር ወይም ባቄላ፣ አንድ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት። ያቺ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትሰጣለች። ዘይቱን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ በአንድ ቀን ከበዛ ሆዱን ያስቀምጠዋል። ዋናውን ምግብ ማታ ይስጡት፤ ምግቡ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። በቂ መብላቱን የሚያውቁት በእጅዎ ነው፤ ጎኑን ሲዳስሱ አጥንቶቹ ይቆጠሩ፣ በዐይን ግን አይታዩ። ወጥ አይስጡት። ቅመሙ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ከበግ እርድ የሚወጣ ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይጣልለት፤ በተለይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት። ያ ከረጢት የትል ማደሪያ ነው። ትሉ ከውሻው ወደ ልጆችዎ ይዞራል። ቀቅለው ይስጡት፣ የትል መድኃኒቱንም በየሦስት ወሩ ያስወስዱት። ውኃውን አይርሱ። ጠዋት ሳህኑ ላይ ስስ በረዶ ከተጋገረ ውሻው ሳይጠጣ ነው የሚውለው። ለብ ያለ ይቀይሩለት።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ብርድ አለመሆኑንም ይወቁ። ሕመም፣ ትኩሳት፣ ፍርሃት፣ መርዝ የበላ ሆድም ያንቀጠቅጣል። መለያው ቀላል ነው። ደረቅና ከነፋስ የተከለለ ሞቅ ያለ ቦታ ያስገቡት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተወው ብርድ ነበር። ካልተወው ወይም አረፋ ከደፈቀ፣ ካስመለሰ፣ አንገቱ ከተገተረ፣ ሐኪም ይየው። አረፋ የሚደፍቅና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን አይክተቱ። የውቃው ዕድሜ ደግሞ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚጀምርበት ነው። ጠዋት ሲነሳ ከደረቀ፣ ትንሽ ተራምዶ ከተፍታታ፣ ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩ። ለራስዎ የገዙትን ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል ግን አይስጡት፤ የውሻ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት እንደ እኛ አይችሉትም።

በእውነት የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ውሻ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ትቶ ከፈዘዘ፣ ከተንገዳገደ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሰውነቱ መሸነፍ ጀምሯል። ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ የሙቀት መለኪያ ቫዝሊን ተቀብቶ በመቀመጫው ሲገባ ከ37 በታች ካሳየ ጉዳዩን አይናቁ፤ ከ35 በታች ከሆነ ሩጫ ነው። በፎጣ አድርቀው ደረቅ ነገር ያልብሱት። የፕላስቲክ ጠርሙስ በሞቀ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ደረቱና ሆዱ አጠገብ ያስቀምጡ። ጠርሙሱ ባዶ ቆዳውን አይንካ፤ የቀዘቀዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። እግሩን አይሹት፣ እሳት ላይ አያስጠጉት፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ለብ ያለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ያቅምሱት። ከዚያ ወደ ሐኪም።

አረቄ የሚያጠጡም አሉ። አገሩ የደብረ ብርሃን አረቄ አገር ነውና ሰው እጁ ላይ ያለውን ይሰጣል። አረቄ የቆዳ የደም ሥሮችን ይከፍታል። ሲጠጣ የሞቀው ይመስላል፣ ውስጡ የቀረውን ሙቀት ግን ወደ ውጭ ይለቀዋል። በብርድ የተዳከመን ውሻ ሊጨርሰው ይችላል።

«ቤት ውስጥ አይገባም» የሚለውን አልከራከርም። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲያ ነው፤ ሽማግሌ አማት ባሉበት ቤት የውሻ ሐኪም ገብቶ ሥርዓት አያወጣም። ግን ሳሎንና ሜዳ ብቻ አይደሉም ያሉት። እሳቱ የጠፋ ማድቤት አለ፣ ዕቃ ቤት አለ፣ የበጎች በረት አለ። በተለይ በረት፣ በጎቹ ከለመዱት፣ በትንፋሻቸው የሞቀ ነው። የትል መድኃኒቱን ነገር በዚህ ጊዜ ከወትሮው አጥብቀው ይያዙት። ቤተሰቡ ምንም ካልፈቀደ የታደሰው ቤት ከነገለባው ለአብዛኞቹ ሌሊቶች ይበቃዋል። አመዳይ መሬቱን ነጭ በሚያደርግባቸው ሌሊቶች ግን ለዚህ ዕድሜ አይበቃውም። እነዚያን ሌሊቶች ከአራት ግድግዳ ውስጥ ይደር፤ ይህን በጥብቅ ነው የምልዎ። ቤቱን ከኅዳር እኩሌታ በፊት ይጨርሱት። አማትዎን ሥራው ላይ ያሳትፏቸው፤ በሩ ወደ ግቢው መግቢያ እንዲያይ እሳቸው ይምረጡ፣ ነፋሱ ካልከለከለ።

ቡችላውን በታኅሣሥ አይቀበሉ። ከተቻለ እስከ የካቲት ይጠብቁ። የሁለት ወር ቡችላ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ፈጥኖ ያመልጠዋል፣ ሆዱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ክምር ወጥቶ ለብቻው ግቢ ውስጥ ሲያድር የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚጥለው። ሰዎቹ አሁኑኑ ውሰዱ ካሉና እምቢ ማለት ካልቻሉ፣ ቢያንስ ሦስት ወር እስኪሞላው ሌሊቱን ከቤት ውስጥ ካርቶን ያሳድሩት። አማትዎ ለቡችላ እምቢ ይላሉ ብዬ አልገምትም፤ ለቡችላ እምቢ ያለ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ግቢ ውስጥ መኪና ወይም ባጃጅ ካለ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን መታ መታ ያድርጉ። ቡችሎች የሞቀ ሞተር ሥር መግባት ይወዳሉ።

የታደሰውን ቤት ውቃው ወዲያው ላይወደው ይችላል። የቀድሞውን እርጥበት ያስታውሳል። በግድ አይክተቱት። የማታ ምግቡን በሩ ላይ፣ በማግስቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ይስጡት። አመዱ ላይ ፍም አለመኖሩን እስከዚያ ድረስ እየቆሰቆሱ ይዩለት፤ ሆዱ ተጠብሶ የመጣ ውሻ አይቻለሁ። ከሳምንት በኋላም አመዱን ከመረጠ ውሻውን አይውቀሱ። እጅዎን ገለባው ሥር ይስደዱ፤ የሆነ ቦታ ላይ እርጥበት ያገኛሉ።